ቀለል ተደርጎ የተሠራው ከበሮ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ከበሮ መሥራት ነው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ድሃ ናት፣ ደወል እንኳ የላትም። በበዓል የሚመታው ከበሮ፣ አደጋ ሲመጣም ሕዝቡን የሚጠራው እሱው ነው።

ታዲያ የድሮው ከበሮ ተቀደደና አዲስ እንዲሠራ ታዘዘ። ዲያቆናቱ ቤቱ ድረስ መጡ።

«አባባ፣ በማርያም ቀለል ያርጉልን። ያኛውማ አንገታችንን ሊቆርጠው ነበር።»

«ልጆቼ፣ የከበሮ ድምፅ ከክብደቱ ነው» አላቸው። «ግንዱን ካሳሳሁት፣ በበሬ ቆዳ ፈንታ የፍየል ካለበስኩት ድምፁ ይቀጥናል። ሩቅ አይሄድም።»

«ሩቅ ምን ያደርግልናል? እኛ ከሰማነው አይበቃም?»

ምን ማለት ነበረበት? እምቢ ማለት ነበረበት! ግን ሰው እንዳይቀየመው ፈራ። ግንዱን ፍቆ ፍቆ አሳሳው፣ የፍየል ቆዳ ወጠረበት። በበዓሉ ዕለት ሁሉም «እጅዎ ይባረክ» አሉት። እሱም፣ አይ ሰው፣ ደስ አለው።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከላይኛው መንደር አንዱ በፈረስ እየጋለበ መጣ። «ኧረ ጎርፍ! ጎርፍ እየመጣ ነው!» ከበሮ ሠሪው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ቁልቁል ሲመለከት ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? ልጁን። ደብሪቱን። ወንዙ ዳር አጎንብሳ ልብስ ታጥባለች።

ሮጦ አይደርስም፣ ሩቅ ነው። ከበሮውን ከዲያቆኑ ነጥቆ መታ። መዳፉ እስኪደማ መታ። ደብሪቱ ቀና አላለችም። ደግሞ መታ፣ ጮኸ። እሷ ልብሷን ትጨምቃለች። እያየ፣ ወገኖቼ፣ እያየ ውሃው ወሰዳት።

ለቅሶ ላይ ሰዎች «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ሲሉት በቁጣ ተነሣ።

«በእግዜር ላይ አታላክኩ! ሩቅ እንደማይሰማ እያወቅሁ ነው የሠራሁት» አላቸው።

እናንተስ? ልጃችሁ ሰክሮ ሲገባ «እንዳይከፋው» ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። ወንድማችሁ የሰው ትዳር ሲያፈርስ «ያኮርፈናል» ብላችሁ በቀልድ ታልፉታላችሁ። እኛን ሰባኪዎቹንም «የፍርዱን ነገር ተዉት፣ ደስ የሚለውን ንገሩን» ትሉናላችሁ። እውነቱን ፍቃችሁ ፍቃችሁ አሳሳችሁት እኮ! ከዚህ በኋላ ብትጮኹ ማን ይሰማችኋል?

ማንም አልተቀየማችሁም። ሁሉም ወዷችኋል፣ መርቋችኋል። ልጆቻችሁስ አሁን የት ናቸው?