ደምለውና ባዶው ቀፎ

ጸሎትህን ሳትጨርስ ሰዓትህን የምታይ አንተ ሰው፣ ለመሆኑ እግዚአብሔርን በስንት ሰዓት ቀጥረኸዋል? እንዳንተ ላለው ሰው አባቶቻችን ያቆዩት አንድ አባባል አለ። የሰነፍ መሸሸጊያ ነው የሚሉ አዋቂ ነን ባዮች ሞልተዋል። መነሻውን የማያውቅ ሰው አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት? አባባሉን የወለደው ሰነፍ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ ሰው ነው።

ደምለው ይባላል። ሚስቱ ያልጋነሽ ሦስት ቀን አምጣ በሰላም ስትገላገል ደስታው አናቱ ላይ ወጣና በሰንበቴ ማኅበርተኛው ፊት ተነሥቶ፣ «ለመጪው ኅዳር ሚካኤል ከራሴ ቀፎ የተቆረጠ አንድ እንስራ ማር አገባለሁ» ብሎ ተሳለ። ሚካኤል ቀን ቁረጥልኝ አላለውም። ደምለው ደግሞ እንኳን ማር ቀፎም አልነበረው።

ከተሳለ በኋላ ቀፎ ሠራ። በእበት መረገው፣ ውስጡን ሰም ቀባ፣ በወይራ ጢስ አጠነና መስከረም ሲጠባ ከደጁ ዋርካ ላይ ሰቀለው። የደብሩ ቄስ መምሬ ጥዑመ ልሳን በዚያ ሲያልፉ አዩት።

«ጥሩ ሰቅለሃል። ከእንግዲህ ያንተ ድርሻ አለቀ፤ ንቡን የሚያመጣው ሌላ ነው።»

«መቼ ያመጣዋል አባ?»

«ቀጠሮውን የያዝኸው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?»

ደምለው አላስቻለውም። ጧት ወጥቶ ቀፎውን ያንኳኳል፤ ከሰዓት አውርዶ ያሸታል። በሦስተኛው ሳምንት አምስት ስድስት ንቦች መጥተው ቀፎውን ይቃኙ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ መልእክተኞቹ መጥተዋል፤ አርፈህ ተቀመጥ» አለችው ያልጋነሽ ሕፃኑን እያጠባች።

«በስድስት ንብ ነው ስለቴን የምከፍለው?»

«መንጋው ከኋላ ነው። ሽማግሌ ሳይቀድም ሠርግ አይተህ ታውቃለህ?»

በማግስቱ ከወንዝ ማዶ የንብ መንጋ ታየ ሲባል ሰማ። ቀፎውን ከዋርካው አወረደ።

«መሄዱንስ ሂድ፤ ቀፎውን ተወው» አለችው።

«ንቡን በጋቢዬ ልጠቅልለው?» አለና ተሸክሞት ሮጠ።

መንጋው በሰማይ፣ እሱ በምድር። ያርፉ እንደሆን ብሎ ያፏጫል፣ አፈር ይበትናል። ሁለት ወንዝ ተሻገረ፤ የሰው ባቄላ ረግጦ እስኪበቃው ተሰደበ። በመጨረሻ ገደል አፋፍ ላይ እንቅፋት መታውና ቀፎው ተንከባልሎ እንክትክቱ ወጣ።

በዚያው ሰዓት ስድስቱ ንቦች የራሳቸውን መንጋ ይዘው ደጁ ደረሱ። ዋርካውን ዞሩት፤ ቀፎ የለም። ያልጋነሽ ልጇን ታቅፋ ከሥሩ ቆማ፣ ሽቅብ እያየች «አምላኬ፣ አቆይልኝ» ትላለች። እስከ ቀትር ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥለው ቆዩ። ባል ግን የለም። ተነሡና ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ላይ ከተሰቀለ ሌላ ባዶ ቀፎ ገቡ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ቀፎ ተቆርጦ ማሩ እንስራ ሞላ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ደምለው ተነሣ። አላፈረም።

«ንቦቹ የኔ እንግዶች ነበሩ፤ ማሩ በስለቴ ይያዝልኝ» አለ።

መምሬ ጥዑመ ልሳን መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው አዩት። «እንግዶችህ ደጅህ ሲደርሱ የት ነበርህ?»

«ንብ ፍለጋ ሄጄ ነበር አባ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ሚስትህስ?»

«እሷማ ዋርካው ሥር ቆማ ሰማይ ሰማይ ታይ ነበር።»

«እሷ ሽቅብ አይታ እስከ ቀትር አቆየቻቸው፤ አንተ ሁለት ወንዝ ሮጠህ ቀፎህን ሰበርህ። ሚካኤል ማሩን አግኝቷል፤ ያንተ ስለት ግን ገና አንገትህ ላይ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ ቀን እንዳትቆርጥለት። ይህ ፍርድ ጠማማ ነው የምትል ከሆነ እዚሁ ሕዝቡ ፊት ቆመህ መልስልኝ፤ የኔ ቃል ግን ይኸው ነው፤ ከመሮጥ ማንጋጠጥ።»