በትርንጎ ሻንጣ ላይ የነበሩ አምስት ታጎች

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ መጫን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሻንጣ አነሣ፤ እሱ ግን አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም።

ትምህርት ቤት አልገባም። የአማርኛ ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ በመሠረተ ትምህርት ነው። የፈረንጁን ፊደል ማን አስተማረው? ሻንጣ። በሻንጣው እጀታ ላይ የሚጠመጠም ረጅም ወረቀት አለ፤ ታግ ይሉታል። እዚያ ላይ ሻንጣው የሚሄድበት ከተማ በሦስት ፊደላት በጉልህ ይታተማል። ጅማ ጄ አይ ኤም ናት። ቤሩት ቢ ኢ ዋይ ናት። ሰውየው እነዚህን ሦስት ሦስት ፊደላት እንደ ዳዊት እየደገመ ሁለት መቶ ከተማ በቃሉ ያዘ።

ሁሉም ኮድ እንደ ጅማ ገር አይደለም። የጎንደር ኮድ የሚያልቀው በኪው ነው። ጓደኞቹ «ጎንደር ውስጥ ኪው ከየት መጣች?» ብለው ሲያደርቁት፣ «ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ማድረስ ነው ሥራዬ» ይላቸው ነበር። ሩሲያ ውስጥ አንዲት ከተማ ስሟ ከተለወጠ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ኮዷ ግን ዛሬም በድሮ ስሟ ይዞራል። ወደ እኛም ስንመጣ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ሆኖ ኮዱ የደሴ ነው፤ ዲ ኤስ ኢ። ከጫኞቹ አንዱ የደሴ ልጅ ነበርና ኮምቦልቼውን ጓደኛውን «ሜዳው የእናንተ፣ ስሙ የእኛ» እያለ ያበሽቀው ነበር።

አሁን ስለ አንድ ሻንጣ ልንገራችሁ።

ትርንጎ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ሄደች። የተመለሰችው አንድ ጊዜ ነው። እዚያው ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። የመጣው ሻንጣዋ ነው። አስከሬን በሌለበት ልቅሶ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ልብሷ ይዘረጋል፣ ፎቶዋ ይቀመጣል፣ እናት እሱን አቅፋ ታለቅሳለች። ታላቅ እህቷ እንጉዳይ ሻንጣውን ከአዲስ አበባ ተቀብላ ወደ ኮምቦልቻ ልትበር ተነሣች። ልቅሶው በማግስቱ ነው። ዘመድ ከየገጠሩ ተጠርቷል።

ነገር ግን በሻንጣው እጀታ ላይ አምስት ታግ ነበር። እኛ ዘንድ አሮጌ ታግ አይቀደድም። ውጭ አገር ለመሄዳችን ምስክር ነው፤ ሻንጣው ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ እንኳ ለእንግዳ ይታያል። ሁለት ቤሩት፣ ሁለት አዲስ አበባ፣ ከሁሉ ሥር የዛሬው ዲ ኤስ ኢ። በጥድፊያው መካከል አሮጌው ታግ ተነበበና ሻንጣው ወደ ቤሩት በሚሄደው ጋሪ ላይ ተጫነ።

ያ ሰው እጀታውን ያዘና ቆመ።

«አለቃ፣ ይሄ ሻንጣ ወደ ቤሩት አይሄድም።»

«ቢ ኢ ዋይ ይላል እኮ ጋሽ ደምሰው።»

«እሱንስ ሁለት ጊዜ ይላል። አዲስ አበባንም ሁለት ጊዜ ይላል። የዛሬ ቀን ያለበት ግን ይሄ የታችኛው ብቻ ነው።»

«ጋሽ ደምሰው ዛሬ ደግሞ የሻንጣ ታሪክ ሊያነቡልን ነው» አለ የደሴው ልጅ።

አለቃው ሰዓቱን አየ። «በሩ ሊዘጋ ነው። ስህተት ከሆነ ከቤሩት ይመልሱታል፤ ሦስት ቀን ቢቆይ ነው። ይጫኑት።»

ሦስት ቀን። ልቅሶው ነገ ነው። ሰውየው ይህን ያውቅ ነበር? አያውቅም። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር? አያውቅም። የሚያውቀው የመጨረሻውን ታግ ብቻ ነው።

«በእኔ እጅ አይጫንም» አለና ሻንጣውን ተሸክሞ ሄደ። እዚያ መሮጥ ክልክል ነው፤ ስለዚህ እንደሚሮጥ ሰው ተራመደ። የኮምቦልቻው አውሮፕላን ዘንድ ሲደርስ መሰላሉ ሥር አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ወረፋ ይዛለች። ሻንጣውን ስታይ ከሰልፍ ወጣች።

«አባባ፣ ይሄ የእህቴ ሻንጣ ነው። ምን ሆኖ ነው?»

«ወደ ቤሩት ሊሄድ ነበር። አሮጌዎቹን ለምን አልቀደድሻቸውም ልጄ?»

«እሷ ናት የተወቻቸው። መጥታ በነበረ ጊዜ "እንዳትነኩብኝ፣ የደረስኩበት ነው" ብላናለች። አሁን በምን እጄ ልቅደደው? ነገ የምናለቅሰው እሱን አስቀምጠን ነው።»

ሰውየው ጎንበስ አለ። አራቱን ታጎች አንድ በአንድ አጥፎ ወደ ውስጥ አዞራቸው፤ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ አሰራቸው። አንድም አልቀደደም። አምስተኛውን ብቻ ወደ ውጭ ተወው።

«ይኸው፣ የሄደችበት ሁሉ አለ» አላት። «የሚታየው ግን የምትገባበት ነው።»

በማግስቱ ትርንጎ በአገሯ ተለቀሰላት። ሰውየው ቦታውን ጥሎ በመሄዱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። ያን ደብዳቤ የት እንዳስቀመጠው ታውቃላችሁ? ከልጆቹ ዲፕሎማ ጋር።

እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ዲፕሎማው አንዱ የእኔ ነው። ያ ሰው አባቴ ነው። ከቀበርነው ሁለት ወር አልሞላም። እንጉዳይ ከኮምቦልቻ ድረስ መጥታ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆማለች። ሰው «ሻንጣ ጫኝ ነበር» ይላል። አዎ፣ ሻንጣ ጫኝ ነበር። ይህን ስናገር አንገቴን አልደፋም።

እናንተስ ወገኖቼ? ስንት ታግ ተንጠልጥሎባችኋል? የወደቃችሁበት ዓመት፣ የሸሻችሁበት ቤት፣ የተዋችሁት ትዳር። ሰው ከላይ ያለውን አንብቦ ወደ ድሮው ቦታችሁ ሊጭናችሁ ይቸኩላል። እግዚአብሔር ግን የትናንቱን አይቀድድም፤ የሄዳችሁበትን ያውቃል፤ የሚጠራችሁ በምትገቡበት ነው። የተለወጠችው ከተማ በድሮ ኮዷ ትጠራ ይሆናል። ሰው ግን ከተማ አይደለም።

ደግሞ ልጠይቃችሁ። ከአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው በየትኛው ታግ ነው ያነበባችሁት? ያ ወንድምህ ከእስር የወጣው ስንት ዓመቱ ነው? ያቺ እህትሽ ከዚያ ሕይወት የተመለሰችው መቼ ነው? እኛ ገና ጋሪው ላይ እየጫንናቸው ነን። «ቢሳሳትም ይመለሳል» እንላለን። ልቅሶው ነገ መሆኑን አናውቅም።

አባቴም አያውቅም ነበር። ማወቅም አላስፈለገውም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የሰው እጀታ ላይ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ጎንበስ በሉ፤ የመጨረሻውን ፈልጉ። ካገኛችሁት ደግሞ ተሸክማችሁ አድርሱ።