ሦስት ሆነው ያበጁት የአንድ ሰው ሥራ

በአንድ ወቅት፣ ፋብሪካው ሁሉ «ሥራህን በየቀኑ አሻሽል» የሚለውን የጃፓኖች ዘዴ ይዞ ካይዘን ካይዘን በሚልበት ጊዜ፣ በአንድ የካልሲ ፋብሪካ ውስጥ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሦስት ሠራተኞች ነበሩ። ታላቁ እንዳልክ የማሽኖቹን ኤሌክትሪክ ይጠግናል። መካከለኛው ማስረሻ መርፌና ክር እያቀረበ ሥራውን ይቆጣጠራል። ታናሽ እኅታቸው ስንቅነሽ ደግሞ ከማሽን የወጣውን ካልሲ እጇ ላይ እያጠለቀች ቀዳዳውን ከደህናው ትለያለች።

ስንቅነሽ አራስነቷን ገና መጨረሷ ነበር። የልጇ አባት ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቷል። ፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ ስላለው ልጇን እዚያ ታስቀምጥና፣ ጡቷ ሲሞላ ሮጣ አጥብታው ትመለሳለች። ሥራ የለቀቀች እናት ማቆያውንም ትለቃለች። ስንቅነሽን እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነበር፤ ልጁን ይዛ የት ትገባለች?

የሦስቱ ክፍል ታዲያ ችግር ነበረበት። የማሽን መርፌ ሲሰበር የሚያውቅ የለም። ማሽኑ ቀዳዳ ካልሲ ሲተፋ ይውላል፤ ቀዳዳው የሚታየው ቅርጫቱ ሞልቶ ስንቅነሽ እጅ ላይ ሲደርስ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደባሱም ክፍሉን እዘጋዋለሁ ማለት ጀመሩ።

ይኼኔ እንዳልክ ተነሣ። ከተጣለ ማሽን ላይ ዕቃ ፈታ፣ የጎደለውን ከከተማ አስመጣና በየማሽኑ ላይ ሴንሰር ገጠመ። ሠራተኛው ሴንሰሩን «ዓይን» ብሎ ጠራው። መርፌ ሲሰበር ዓይኑ ያይና ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል፤ ቀይ መብራትም ያበራል። ማሽን እዚህ ጋ አመመኝ ብሎ ሲናገር የታየው ያኔ ነው። ብቻ ዓይኑ የክር ብናኝ ሲያርፍበትም ያቆማል። ማሽን ከቆመ ደግሞ የሠራተኛው ኮታ ይጎድላል። ስለዚህ ሠራተኛው ምን አደረገ? ዓይኑን በፕላስተር ሸፈነው።

ማስረሻም ተነሣ። የካይዘን ሥልጠና ወስዶ ነበርና ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ ክፍሉን ገለበጠው። የማይረባውን ዕቃ አወጣ። መፍቻውን ቀለም ቀብቶና ቁጥር ሰጥቶ ከመርፌው ጋር ከየማሽኑ ራስጌ ሰቀለ፤ መርፌ ለመቀየር እስከ መጋዘን መሄድ ቀረ። ብናኙም ተጠርጎ ወለሉ የሠርግ ቤት መሰለ። ብቻ ማስረሻ ፊቱን ሲያዞር መፍቻው ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል። የሰቀለውን የሚያወርዱበት ሰዎች ደግሞ «ማስረሻ፣ ሚስት ስታገባ ምጣዱንም ቀለም ቀብተህ ቁጥር ትሰጠዋለህ» እያሉ ይስቁበታል።

ስንቅነሽ ሁለቱንም ስታይ ከረመች። አንድ ጠዋት ከማሽን ማሽን እየዞረች ፕላስተሩን ላጠችው። መብራቱ ሲበራ አታጥፉት፣ ጥሩን፣ ለምን እንደቆመ አብረን እንጠይቅ ብላ ለመነቻቸው። አንዷ ባልደረባዋ «ስንቅነሽ ደግሞ የአምፖል ሞግዚት ሆነች» ብላ ክፍሉን በሙሉ አሳቀችባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ ግን ከማሽኖቹ አልተለየችም። ኮታቸው የጎደለባቸውን ከአለቃ ፊት ቆማ ተከራከረችላቸው። ቀስ በቀስ ሰዉ መጥራት ለመደ።

መብራት ሲበራ ሦስቱም ይመጣሉ። መርፌው ለምን ተሰበረ? ክሩ ስለጠበቀ። ክሩ ለምን ጠበቀ? ጥቅሉ ዘሞ ስለተቀመጠ። ለምን ዘመመ? መደርደሪያው ስላጋደለ። መደርደሪያው ሲቃና መርፌ መሰበሩም ቀነሰ። ውሎ አድሮ ቀዳዳ ካልሲ ብርቅ ሆነ። ክፍሉን የመዝጋቱም ወሬ ቀረ።

የካይዘን ቡድኖች ውጤታቸውን በሚያቀርቡበት ቀን አዳራሹ በእንግዳ ሞላ። ሦስቱ ከመካከላቸው አንደበቷ የተፈታው ስንቅነሽ ናትና እሷ ትናገር ተባባሉ። ልጇን ለማስረሻ አስታቅፋ ወጣች። ሁሉንም በደንብ ተናገረች። በመጨረሻም ማንም ሳያዛት፣ ነገሩ ደምቆላት፣ «ድሮ ሦስት ሰው ይሠራው የነበረውን ዛሬ አንድ ሰው ይሠራዋል» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወንድሞቿም አጨበጨቡ። ሦስቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ በዚያ ሰዓት ለአንዳቸውም አልታያቸውም።

አቶ ደባሱ ብዙም ሳይቆዩ ጠሯቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ቀዳዳ ካልሲ ብርቅ ከሆነ፣ መርፌውም ከየማሽኑ ራስጌ ካለ፣ ለሦስቱ ሥራ ከእንግዲህ አንድ ሰው እንደሚበቃ ነገሯቸው። ስንቅነሽ ልትናገር ስትል «ልጄ፣ እናንተው ናችሁ ያላችሁት፤ እኔ ከየት አመጣሁት?» አሏት። የሚቀረውን ሰው ስም ራሳቸው ተስማምተው ያምጡ፤ ካልተስማሙ ሦስቱም ይሄዳሉ፣ ከሌላ ክፍል ሰው ይመጣል።

በምሳ ሰዓት ከአጥሩ ጥግ ተቀመጡ። ምግቡን የነካ አልነበረም። እንዳልክ የእናታቸውን መድኃኒት የሚገዛው እሱ እንደሆነ አነሣ። ማስረሻ ሽማግሌ ልኮ የልጅቱ ቤተሰብ ሥራውን አይተው እሺ እንዳሉት አነሣ። ከዚያ ነገሩ ከኑሮ ወደ ሥራው ዞረ።

«ያለ እኔ ዓይን ሁላችሁም በዳበሳ ነበራችሁ» አለ እንዳልክ።

«ያንተን ዓይን እኮ ፕላስተር ለጥፈውበት ነበር፣ ወንድም ጋሼ» አለ ማስረሻ።

«ያንተንስ መፍቻ ማን ቦታው ላይ አገኘው?»

ስንቅነሽ የራሷን ማለት ትችል ነበር። የሁለታችሁም ልፋት ሞቶ ነበር፣ ያስነሣሁት እኔ ነኝ ማለት ትችል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ምነው ያን ቀን አፌን በዘጋሁት» አለች።

ያን ጊዜ እንዳልክ ቁጣው በረደ። «አንቺ ባትናገሪውም ሥራችን ይናገረው ነበር፣ ስንቄ» አላት። ከዚያ ታላቅ ነውና ነገሩን ቆረጠው። እሱና ማስረሻ አንዳቸው ለአንዳቸው መልቀቅ እንዳቃታቸው፣ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ቢኖር እሷ ብቻ እንደሆነች ተናገረ። «ስሙን አንቺ ጥሪ። ራስሽንም ብትጠሪ አንቀየምሽም» አላት። ማስረሻም ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም።

ወደ ማቆያው ሄዳ ልጇን አጠባች። እየጠባ እንቅልፍ ወሰደው። እንዳልክን ብትጠራ፣ ለልጇ ይህን የመሰለ አልጋ አታገኝም። ማስረሻን ብትጠራ፣ የእናቷን ሳል ሌሊት እየሰማች ምን ትላለች? ራሷን ብትጠራ ደግሞ፣ ወንድሞቿ ባበጁት ክፍል ውስጥ ብቻዋን እየዞረች በየማሽኑ ላይ እነሱን ልታይ ነው። ያን ጠዋት ፕላስተሩን ባትልጠው ኖሮ ሦስቱም ዛሬ ሥራ ላይ ነበሩ። ወይም ክፍሉ ተዘግቶ ሦስቱም ውጭ ነበሩ። የቱ እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ልጁን አስተኝታ ቢሮው በር ላይ ቆመች። አቶ ደባሱ ከወንበራቸው ቀና ብለው «እህ፣ ማንን ላስቀር?» አሏት።

ስንቅነሽ ስም ጠራች። የማንን ስም እንደጠራች ግን እኔ አልነግራችሁም፤ ፍርዱ የእናንተ ነውና። እናንተ በዚያ በር ላይ ብትቆሙ ኖሮ ያቺ አንዲት ቦታ ለማን ትገባለች ትሉ ነበር? ማሽኑን ላናገረው፣ ሥራውን ላቀናው፣ ወይስ ሰዉን ላስማማችው?