የተመለሰው ባሕር

በጃፓን ምዕራባዊ የባሕር ጠረፍ፣ ኢሶሞሪ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ራስጌ፣ አንድ የጥንት መስፍን ያሠራው ካሪኡሚ የሚባል የአትክልት ሥፍራ አለ። ካሪኡሚ በአገሩ ቋንቋ «የውሰት ባሕር» ማለት ነው። ጎብኚው በስሙ ተስቦ ሦስት መቶውን ደረጃ እያለከለከ ይወጣል፤ ሰገነቱ ላይ ደርሶ ዐይኑን ሲያቀና ግን ከፊቱ የሚቆመው ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን ነው። ባሕሩ ከደኑ ጀርባ ሲያጉረመርም ይሰማል እንጂ አይታይም። ደኑን የመንደሩ ሰዎች ካኤሺ ይሉታል፤ «መመለስ» ማለት ነው። ብዙው ጎብኚ ተታለልኩ ብሎ ይቆጣል። እኔም ተቆጥቼ ነበር፤ የመንደሩን ሽማግሌዎች ከሰማሁ ወዲህ ግን ንዴቴ ባለቤቱን አገኘ።

እንደሚነገረው፣ ሥፍራውን ያሠራው መስፍን ሙኔሂሳ አበባ ሲረግፍ የሚያለቅስ፣ ሰው ሲራብ ግን ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነበር። ከዋና ከተማ ጌንሱኬ የተባለ የታወቀ አትክልተኛ አስመጣ። በአገሩ አትክልተኞች ዘንድ አንድ የቆየ ጥበብ አለ፤ ዛፉንና ድንጋዩን እንዲህና እንዲያ አድርገው ሲያሰናዱት፣ ከአጥር ውጭ ያለው ተራራ ወይም ባሕር የግቢው አካል መስሎ ይታያል። ይህንንም «ውሰት» ይሉታል። የሌላውን ሰው ነገር በዐይንህ ትዋሳለህ፣ እጅህን ግን አታሳርፍበትም፤ የሙያው ሕግ ይህ ነው ይባላል።

ሥራው ሰባት ዓመት ፈጀ። በምረቃው ቀን መስፍኑ ከእንግዶቹ ጋር ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ሲያይ በደስታ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተኮሳተረ። በባሕሩ ዳር አሥራ ዘጠኝ የሣር ክዳን ቤቶችና የባሕር አረም ማስጫ ቆጦች ይታያሉ።

«ያ እከክ ምንድን ነው?» አለ።

«ጌታዬ፣ የእኛን ቁጥቋጦ አንድ ክንድ ከፍ ባደርገው ይሸፈናል» አለ ጌንሱኬ።

«ማዕበሉ ሲሰበር የሚታየው ነጭ አረፋስ?»

«እሱም አብሮ ይሸፈናል።»

«እንግዲያው ቤቶቹ ይነሡ።»

ለአረፋ ብሎ! በእኛ አገር «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ግን በአጥር መነቅነቅ የሚረካ አልነበረም፣ ቤቱን ከነምሰሶው ሊነቅል ተነሣ።

ከአሥራ ዘጠኙ ቤቶች አንዱ የኦሪኩ ነበር። ኦሪኩ ባሕር ውስጥ እየጠለቀች አረም በመልቀም የምትኖር አሮጊት መበለት ናት። ባሏ አንድ ማለዳ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሬሳው እንኳ አልተገኘም፤ ስለዚህ መቃብሩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የረገጠው የቤቷ ደፍ ነበር ይባላል። በየዓመቱ የሙት ቀን ሲደርስ አበባ የምታኖረው እዚያ ነው። አሁን ደፉን ሊነቅሉባት ነው። ይህን ስትሰማ ደረጃውን ወጣች፣ በግንባሯ መሬት ነካች፤ ያነጋገረችው ግን መስፍኑን ሳይሆን አትክልተኛውን ነው።

«ልጄ፣ ባሕራችንን ከዚህ ሆኖ ማየትን በሙያችሁ ምን ትሉታላችሁ?»

ጌንሱኬ መልሱ አንገቱን ሊያስቆርጠው እንደሚችል ያውቃል። እንዲያም ሆኖ «ውሰት» አለ።

ኦሪኩ ወደ መስፍኑ ዞረች። «ጌታችን፣ እንስራ የተዋሰ ሰው የባለእንስራውን ቤት አያፈርስም። እኛን ማየት ካስጠላዎት ባሕራችንን ይመልሱልን፤ ሌላ ነገር አንለምንም።»

መስፍኑ ከትከት ብሎ ሳቀ። «በሉ፣ መልሻለሁ! መሸከም ከቻላችሁ ይዛችሁት ውረዱ!» እንግዶቹም አብረው ሳቁ።

በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ ዘጠኙም ቤቶች ፈረሱ። ሰዎቹ ከኮረብታው ጀርባ ነፋስ በሚጋረፍበት ቦታ የሸምበቆ ጎጆ ቀለሱ። ኦሪኩ ያን ክረምት አላለፈችውም። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ አዝና ሞተች አይሉም፣ ተቆጥታ ሞተች ነው የሚሉት። ከመሞቷ በፊት ጎረቤቶቿን ሰብስባ «መልሻለሁ ብሏል፤ ሰምታችኋል። ታዲያ ምን ቁጭ ያደርጋችኋል? አንሡት እንጂ!» አለቻቸው። ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት ብለው ተያዩ።

ነገሩ የገባው ለጌንሱኬ ነው። በዚያች አንድ ቃል መስፍኑ ካባረረው ወዲህ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ይኖር ነበርና፣ በጸደይ የጥድ ችግኝ አሸክሞ ወደ ፈረሰው መንደር ወረደ። ከሰገነቱ የሚወርደው ዐይን የት የት እንደሚያርፍ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቦታውን እያሳየ አስተከላቸው፤ የመጀመሪያው ችግኝ የቆመው በኦሪኩ ደፍ አጠገብ ነው ይባላል።

መስፍኑ ይነቀል ብሎ ሲጮህ ጸሐፊው የመስፍኑን አያት ዐዋጅ አምጥቶ አነበበለት፦ የባሕር ነፋስ የሚከላከል ጥድ የቆረጠ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ እጁ ይቆረጥ። ደግሞም «መልሻለሁ» ያለው በእንግዶች ፊት ነው። ምን ያድርግ? ተቀምጦ ጥዱ ሲያድግ አየ። መጀመሪያ የተሸፈነው ያ ነጭ አረፋ ነበር። ከዚያ ሰማያዊው ውኃ በየዓመቱ በስንዝር በስንዝር እየጠበበ ሄደ፤ መስፍኑ ሲያረጅ ከባሕሩ የቀረው ከሰማይ ሥር ያለች ቀጭን መስመር ብቻ ሆነች፣ እሷም ከመሞቱ በፊት ጠፋች። እሰይ! ሰዎቹም ከደኑ ጀርባ ወደ ቦታቸው ተመልሰው አሥራ ዘጠኙን ቤቶች እንደገና ሠሩ ይባላል።

አምና አንድ የጉብኝት ድርጅት ሠራተኛ ወደ መንደሩ መጥቶ ነበር። አሁን የመንደሩ ሽማግሌ የሆኑትን ወይዘሮ ቺዙሩን ወደ ሰገነቱ ይዞ ወጣና በጣቱ እያሳየ፣ «እማማ፣ እዚያ ጋ አምስት ዛፍ ብቻ ቢቆረጥ፣ ክፍተቱ ለእንግዶቻችን ባሕሩን ማያ መስኮት ይሆናል» አላቸው።

«ባሕሩን ማየት የፈለገ ይውረድ» አሉት። «በደጃችን ይለፍ፣ ደኅና ዋላችሁ ይበለን፣ እስኪጠግብ ይየው። የከለከልነው ሰው የለም።»

ሰውየው እንግዶቹ ደረጃ ወጥተው ስለሚደክሙ እስከ መንደሩ ድረስ መውረድ እንደማይፈልጉ ነገራቸው። ወይዘሮ ቺዙሩ በጣቱ ያሳየውን ቦታ ልብ ብለው አዩ። በጸደይም የመንደሩን ሰው ይዘው ወደ ደኑ ሄዱና እዚያው ቦታ ላይ ስድስተኛ ጥድ ተከሉበት።