አፈር ቀማሿ ትል

ተረት ተረት፤ የአፈር ቤት።

ፍልፈል ጎረቤቱን ጃርትን ድንች ሊጋብዛት ፈለገ። የድንቹ ማሳ ግን ገበሬው አዲስ የተባይ መድኃኒት የነሰነሰበት ነበር። በደንቡ ጋባዥ ቀድሞ ይቀምሳል፤ ፍልፈል ግን ነፍሱን ስለሚወድ ትልን፣ «እስቲ እትዬ፣ አፈሩን ይቅመሱልን» አላት። ትልም ይሉኝታ ይዟት እምቢ ሳትል ገባች።

ከወር በኋላ ፍልፈል አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ አያት። እንደ ድሮዋ ወፍራም ናት፤ ትንቀሳቀሳለች። «ይኸው አልሞተችም!» ብሎ ጮኸና እርጉዝ ሚስቱን ጠርቶ አብረው ድንቹን ይቆረጥሙ ጀመር። ትል የምትናገረው ነበራት፤ የጠየቃት ግን የለም።

ጠንቃቃዋ ጃርት ሌላ ወር ቆይታ መጣች። ድንቹን ሳትነካ ወደ ትል ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ልጆችዎስ እንዴት ናቸው?»

«ስምንት ጊዜ እንቁላል ጣልኩ» አለች ትል። «አንዱም አልተፈለፈለልኝም።»

ጃርት እሾኋን ሰብስባ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ፍልፈል አፉ በድንች እንደተሞላ ዞሮ የሚስቱን ሆድ አየ።

ተረቴን መልሱ፤ ድንቹን ግን እንዳትቀምሱ።