የውሃ አባት ማሳ

አንድ ገበሬ ነበር፤ ማሳው ከመስኖው ቦይ ጅራት ላይ። ወንዙ ከላይ ይጠለፋል፣ ቦዩ አርባ ማሳ ያጠጣል፣ አርባኛው የእሱ ነው። እስኪ አስቡት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ጠጥቶ የተረፈውን መጠበቅ።

በየበጋው ሽንኩርቱ ይጠወልጋል። በየስብሰባው ይነሳና፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እኔ ነኝ» ይላል። ሰው ይስቃል። እሱ ግን አይስቅም፤ ልጆቹን የሚያበላው ያንኑ ሽንኩርት ሸጦ ነው።

አንድ ዓመት አገሩ ተሰብስቦ የውሃ አባት መረጠ። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያካፍል፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ የወንዙን ዳር ከከብት የሚያስጠብቅ ሰው ነው። ማንን መረጡ? ይኸንኑ አጉረምራሚ፣ አያ ይርሳውን።

ደስ አለው። «ዘንድሮስ መጀመሪያ የሚጠጣው የኔ ማሳ ነው» አለ በልቡ። በማግስቱ ማለዳ የላይኞቹን ውሃ ሊዘጋባቸው አካፋውን ተሸክሞ ወደ ቦዩ ራስ ወጣ። የመጀመሪያውን ማሳ ባለቤት፣ እቴ አልጋነሽን፣ እዚያው ቆማ አገኛት። ገና ሲመጣ ሐሳቡ ገብቷታል።

«አያ ይርሳው፣ ለምን አንተን የመረጥን ይመስልሃል?»

«ስለምጮህ ነዋ።»

«ለሱማ ብለን አይደለም። አባቶቻችንም የውሃ አባት የሚሾሙት ከጅራት ነበር፤ የሚጠጣውም በስተመጨረሻ ነው። እኔን ቢሾሙኝ ማሳዬ እንደጠጣ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። አንተ ግን ሁላችን ሳንጠጣ አይደርስህም። ስለዚህ አትተኛም።»

አፈረ። ቦዩን ተከትሎ ወረደ። ለካ ውሃውን የጨረሰው ሰው ብቻ አልነበረም። አንዱ ጋ ቦዩ ተሸንቁሯል። ሌላው ጋ ደለል ሞልቶታል። ከላይ ደግሞ ከብት የሚወርድበት የወንዙ ዳር ተንዶ አፈሩ ውሃው የሚጠለፍበት አፍ ላይ ተከምሯል። ሰው ጠራ፤ ወጡለት፤ እቴ አልጋነሽም ከነልጆቿ። ሽንቁሩን ደፈኑ፣ ደለሉን ጠረጉ፣ ዳሩን አጥረው አኻያ ተከሉበት።

በስምንተኛው ቀን ውሃው አርባኛው ማሳ ገባ። ሚስቱ ከደጅ ሆና፣ «ደረሰ?» አለችው።

«ደረሰ» አላት፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ እንደተነከረ። «ሁሉንም አጠጥቶ መጣ።» እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

እናንተስ ምእመናን? ማሳችሁ የት ላይ ነው? እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ፣ ብዙዎቻችን ራስ ላይ ነን። ጠጥተናል። ጠጥተንም ተኝተናል። ቦዩ ከእኛ በታች ቢሸነቆር አንሰማም። ወንዙን የሰጠ አምላክ ግን ለአንድ ማሳ ብቻ አልሰጠውም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ወደ ታች ውረዱ። ከእናንተ ቀጥሎ ያለውን ጎረቤት፣ «ደረሰህ ወይ?» በሉት። «አልደረሰኝም» ቢላችሁ፣ አካፋችሁን አንሱ።