ከዚህ ቤት የወጣ ታላቅ ሰው

የወረዳው ሹም አቶ ድልነሳው ወደ ዋርካ አምባ መጥተው የድሮውን ትምህርት ቤት ሊያስፈርሱ ተነሡ። ቤቱ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ፣ መስኮቶቹ ቅስት፣ ጣሪያው በጽድ እንጨት የተዋቀረ ነበር። ሹሙ በቦታው በስማቸው የሚጠራ አዳራሽ ማሠራት አምሯቸዋል።

ሕዝቡ "ቅርሳችን ነው!" ብሎ ሲጮህ ሹሙ ሳቁ።

"ቅርስ የሚባለውማ ታላቅ ሰው ያፈራ ቤት ነው። እስቲ ከዚህ የወጣ አንድ ታላቅ ሰው ጥሩልኝ! ካጣችሁ ነገ ይፈርሳል።"

ይህን ጊዜ በየዓመቱ የቤቱን ግንብ የሚጠግን አንድ ግንበኛ ብድግ አለ።

"ጌታዬ፣ እኔን እንኳ ይተዉኝ። አንደኛ ክፍልን አራት ዓመት ተምሬ የወጣሁት እግሬ ከወንበሩ ሥር አልገባ ስላለ ነው። ግንበኛ የሆንኩትም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተንበርክኬ ስቀጣ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ስላጠናሁት ነው።"

ሹሙ ከሕዝቡ ጋር ከት ብለው ሳቁና "እንግዲያው ይፍረስ?" አሉ።

"ይፍረስ እንጂ! ግን ያኔ ከጎኔ የሚቀመጥ ድልነሳው የሚባል ልጅ ነበር። 'እሱም ታላቅ ሰው አልሆነም' ብለው ይፈርሙልንና፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ እኔው እነቅላለሁ።"

ሹሙ ሳቃቸውን ዋጡ። በዚያው ሳምንት ቤቱ በቅርስነት ተመዘገበ።